ለእናቴ ውሻ የምግብ ፍላጎቷን ለመለሱላት የደሴ የእንስሳት ሐኪም የቀረበ ምስጋና

ደሴ ከተማ ውስጥ የሚያገለግሉ አንዲት የእንስሳት ሐኪምን በቤተሰባችን ስም ለማመስገንና፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ሆነ ኩታበር ሆናችሁ ትንንሽ ውሾች ለምታሳድጉ ሁሉ ለመጠቆም ይህን ጽፌያለሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ አልጠቀስኩትም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን እሳቸውን አስፈቅጄ አድራሻቸውን እሰጣለሁ።

የእናቴ ውሻ ቡቺ የትንንሽ ውሾች ዝርያ ናት። ዕድሜዋ ለሙሉ ውሻ ቢደርስም ክብደቷ 3 ኪሎ ግራም አይሞላም ነበር፤ የጎን አጥንቶቿም በጸጉሯ ሥር ይቆጠሩ ነበር። የቀረበላትን አሽትታ ትመለሳለች፣ አንዳንድ ጊዜም ጎርሳ መልሳ ትተፋዋለች። በቡና ላይ የሚሰነዘረው ምክር ብዙ ነበር፤ ገሚሱ «አስርቧት፣ ሲብስባት ትበላለች» ሲል፣ ገሚሱ ቅቤ በብዛት እንድትሰጥ ይመክራል።

ሐኪሟ ስለ ምግብ አንድም ቃል ከመናገራቸው በፊት ቡቺን መዘኑ፣ አፏን ከፍተው ድድና ጥርሷን አዩ፣ ዓይነ ምድሯንም በማይክሮስኮፕ መረመሩ። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማመሰግናቸው ለዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ ምክንያቱም እኛ «መራጭ ናት» ያልናት ውሻ ታማሚ ሆና ተገኘች። አንድ መንጋጋ ጥርሷ ሥሩ ተበልቶ ይነቃነቅ ነበር፣ በአንጀቷም ደም የሚመጥ ትል ነበረባት፤ የድዷ መገርጣትም ከዚሁ የመጣ ነበር። የቫይታሚን መርፌ እንዲወጉልን ስንጠይቃቸው፣ ሕመሙ ሳይነሳ መርፌው ገንዘባችንን ከመጨረስ በቀር የሚፈይደው እንደሌለ በግልጽ ነገሩን። የትል መድኃኒቱን በክብደቷ ልክ ሰጧት፤ መድኃኒቱ ያልነካቸው እጮች በኋላ ስለሚያድጉም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደገሙላት። ጥርሱን የነቀሉት አቅሟ ትንሽ ከተመለሰ በኋላ ነው።

የማስራቡን ምክር አጥብቀው ተቃወሙ። እንዲህ ያለች ትንሽና የከሳች ውሻ በሰውነቷ ያጠራቀመችው ጉልበት ስለሌላት፣ ምግብ ሲቋረጥባት በደሟ ውስጥ ያለው ስኳር ወርዶ ልትንቀጠቀጥና ራሷን ልትስት ትችላለች። ቅቤውንም ከለከሉ፤ ብዙ ስብ በአንድ ጊዜ ሲገባ ቆሽትን ሊያቆስል ይችላልና። በቤታችን የተለመደውን ወጥና ሽሮ እንዳትቀምስም አዘዙ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ ጉዳቱም በትንሽ ገላ ላይ ይፈጥናል።

በምትኩ ያዘዙት ቀላል ነው። ያለ ጨውና ያለ ቅመም ተቀቅሎ የተፈጨ ቀይ ሥጋ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሩዝ ወይም ድንች፣ ጥቂት ዱባ በትንንሹ በቀን አራት ጊዜ ይቀርብላታል፤ ለብ ያለ ምግብ ሽታው ስለሚያውድ እንደ ገላዋ ሙቀት ሞቅ ተደርጎ ነው የሚሰጣት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ያልበላችው ይነሳል፣ እስከ ቀጣዩ ሰዓትም ማንም በመሃል አያጎርሳትም። ለእናቴ የከበዳት ይኸኛው ትእዛዝ ነበር፤ ሐኪሟም ይህን አውቀው ልመናና ማባበል ውሻዋን ይበልጥ እንደሚያስመርጣት በትዕግሥት አስረዷት። መጠኑንም አስልተው ሰጡን፦ 3 ኪሎ ግራም የምትመዝን ውሻ ዝም ብላ ተኝታ እንኳ በቀን ወደ 160 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልጋታል፣ አንድ እንቁላል የሚሰጠው ደግሞ 70 ያህል ነው። ሥጋና እንቁላል ብቻቸውን በቂ ካልሲየም ስለሌላቸው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን የውሻ ምግብ ቀስ በቀስ እየቀላቀልን እንድናስለምዳት መከሩን።

ኑሯችንን አይተው የሚመክሩ መሆናቸው ደግሞ ልዩ ያደርጋቸዋል። ጾም ሲገባ በእናቴ ቤት ሥጋም እንቁላልም እንደማይኖር አስቀድመው ጠየቁ፤ ለዚህም ሙስሊም ጎረቤታችን የቡቺን ድርሻ ከቤታቸው ቀቅለው ሲልኩልን ከርመዋልና ለእሳቸውም ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ከቄራ የሚጣል ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ መስጠት በከብትና በሰው ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚፈጥረውን የኮሶ ትል ዝርያ እንደሚያዛምት፣ ጥንቃቄውም ለውሻዋ ብቻ ሳይሆን ለልጆቻችንም እንደሆነ አስጠነቀቁን። ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነው የደሴ ከፍታ ትንሽ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ለሙቀት ብዙ ጉልበት ስለምታወጣ፣ መኝታዋ ከሲሚንቶው ወለል ከፍ እንዲልም አደረጉ።

ዛሬ ቡቺ ከ3 ኪሎ ግራም አልፋለች፤ የጎን አጥንቶቿ በእጅ ሲዳሰሱ ይገኛሉ እንጂ ከሩቅ አይታዩም። በየሳምንቱ በአንድ ሚዛን እንመዝናታለን፣ የምግብ ሰዓቷ ሲደርስም ሳህኗ አጠገብ ቀድማ ትቆማለች።

ወደ ሐኪሟ ለመሄድ የምታስቡ፣ የዚያኑ ቀን ጠዋት የወጣ ዓይነ ምድር በንጹሕ ዕቃ ይዛችሁ፣ ውሻው በቀን ውስጥ የሚቀምሰውን ሁሉ፣ ከእጅ የሚጎርሰውን ጭምር፣ ጽፋችሁ ሂዱ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው እሱ ነው።