ቀላሏ የጀርባ ቦርሳ፦ ከወራት ሸክም በኋላ

ሰሜን ተራሮች የወጣ ሰው ያውቀዋል። ደባርቅ ላይ በቅሎ ይከራያል። ድንኳኑም፣ ምግቡም፣ ስሊፒንግ ባጉም እሷ ላይ ይጫናል። ተጓዡ ውሃና ጃኬት ይዞ ወደ ሳንካበር ይነጉዳል። እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግን በቅሎዎቹ እኛው ነን። የአፓላቺያን የእግር ጉዞ መንገድ ከጆርጂያ እስከ ሜይን ወደ 3,500 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከዚያ ውስጥ 160 ኪሎ ሜትር ገደማው በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ በኩል ያልፋል። ከዋሽንግተን ብዙም ስለማይርቅ፣ እዚህ አካባቢ ያለን ሐበሾች ለሁለትና ለሦስት ቀን ስንወጣ የምንሄደው ወደዚያው ነው። ማደሪያችንንም ራታችንንም አዝለን።

የኔዋ ቦርሳ 55 ሊትር ትይዛለች። ባዶዋን 1.2 ኪሎ ገደማ ናት። የአልሙኒየም ፍሬም፣ ጀርባዋ ላይ የተወጠረ መረብ፣ ከላይ ደግሞ የሚነቀል ክዳን አላት። የፋብሪካውን ስም አልጽፍም። በዚህ ቅርጽ የሚሠሩት ብዙ ናቸው፤ የምለውም ለአብዛኞቹ ይሆናል። የቀድሞዋ 65 ሊትር ነበረች፤ ምንም ሳይገባባት ከ2 ኪሎ በላይ ትመዝን ነበር። ጥንካሬዋን አልክድም። ግን ያንን ትርፍ ኪሎ ቀኑን ሙሉ ዳገት ላይ ማዘል ምን ይሉታል?

ይህን ካልኩ በኋላ፣ ከክብደቱ በላይ ያሳረፈኝ ልኩ ነው። ቀላል ሆና ልክ ያልሆነች ቦርሳ፣ ከባድ ሆና ልክ ከሆነችው የባሰ ታደክማለች። ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ጀርባችሁን አስለኩ። አንገታችሁን ወደ ፊት ስታጎነብሱ ከኋላ ጉብ የምትል አጥንት አለች። ከሷ ጀምሮ፣ የዳሌ አጥንታችሁ የላይኛው ጫፍ እስከሚውልበት መስመር ድረስ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካ። የቦርሳው ቁጥር የሚመረጠው በዚህ ነው፤ በቁመት አይደለም። እኔ ረጅም ከሚባሉት ነኝ፤ ርዝመቴ ግን ያለው እግሬ ላይ ነው። ጀርባዬ 46 ሳንቲ ሜትር ብቻ። ሻጩ ከላይ እስከ ታች አየኝና ትልቁን ቁጥር አቀበለኝ። መካከለኛውን ስጠይቀው ገረመው።

ስትሞክሩ ባዶዋን አንግባችሁ መስታወት ፊት አትቁሙ። ደህና ሱቅ ውስጥ ለመሞከሪያ የሚሆኑ ክብደት ያላቸው ከረጢቶች አሉ፤ 10 ኪሎ ያህል ያስገቡላችሁ። መጀመሪያ የወገብ ቀበቶውን እሰሩ። ሆድ ላይ ሳይሆን የዳሌው አጥንት ላይ ይረፍ። ቀጥሎ ማንገቻዎቹን ሳቡ። በመጨረሻ ከትከሻ በላይ ያሉትን ትንንሽ ማጥበቂያዎች በትንሹ። አሁን በጣታችሁ ማንገቻውን ከትከሻችሁ ላይ አንሱት። ብዙም ሳይታገል ብድግ ካለ ሸክሙ ዳሌያችሁ ላይ አርፏል ማለት ነው። ካልተነሳ አልሆነም። ከዚያ ደረጃ ካለ ውጡ፣ ውረዱ፣ ጎንበስ በሉና ጫማችሁን እሰሩ። ሻጩ ቢሰለች ይሰልች።

መረቡን በሐምሌ ወደድኩት። የቨርጂኒያ ወበቅ ቀልድ አይደለም፤ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሸሚዝ ይጠመቃል። መረቡ በጀርባና በቦርሳዋ መካከል ክፍተት ስለሚተው አየር ያልፋል። ላቡ አይቀርም፣ ግን ቶሎ ይደርቃል። ክፍተቱ ግን ጣጣም አለው። ሸክሙ ከጀርባ ይርቃል፤ የራቀ ሸክም ደግሞ ወደ ኋላ ይጎትታል። መድኃኒቱ አስተሻሸጉ ላይ ነው። ስሊፒንግ ባጉ ከታች ይሁን። ከባዱ ነገር፣ ማለትም ምግቡና ውሃው፣ መሀል ላይ ወደ ጀርባ ተጠግቶ። ልብሱ ዙሪያውን ይሙላ። ይህን ሳትጠነቀቁ ፓርኩ ውስጥ ካለው ከሜሪስ ሮክ ተራራ ቁልቁል ብትወርዱ ቦርሳዋ በየድንጋዩ ታወዛውዛችኋለች።

የኛ ሰው ለዚህ ዓይነት ጉዞ የሚሆን ስንቅ ድሮውኑ አለው። እዚህ ሱቅ በውድ የሚሸጠው የደረቀ ምግብ አያስፈልገንም። በሶ ቦታ አይፈጅም፤ በውሃ በጥብጦ መጠጣት ብቻ ነው፣ ምድጃም አይጠይቅም። ሽሮ በትንሽ ጋዝ ይደርሳል። ድርቆሽ ግን ለቦርሳ ፈተና ነው። ክብደት የለውም፤ ቦታ ግን ይበላል። ዘርግታችሁ ካስገባችሁት 55 ሊትሩ በእንጀራ ሞላ ማለት ነው። እኔ ቤት ሆኜ በእጄ ደቆስ አደርገውና የሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ አስገብቼ አየሩን አስወጣለሁ። ማታ ሽሮው ሲንተከተክ ላዩ ላይ መበተን ነው። የክዳኗ ኪስ እስካሁን በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ፓርኩ ውስጥ ጥቁር ድብ ስላለ ማታ ማታ ምግብና ሽታ ያለው ነገር ሁሉ ከድንኳን ርቆ ይሰቀላል። እኔ ክዳኗን ነቅዬ ከስንቁ ጋር አብሬ እሰቅላታለሁ። ድብ በርበሬ ይወድ እንደሆን መሞከር አልፈልግም።

አሁን ወደ ነቀፋው። አንደኛ፣ አዲስ ሳለች ፍሬሙ ከቀበቶው ጋር የሚገናኝበት ቦታ በየእርምጃው ሲጥ ሲጥ ይል ነበር። በጫካው ዝምታ መሀል ያሰለቻል። ሻማ አሸሁበትና አብዛኛው ጠፋ። ሁለተኛ፣ የጎን ኪሶቿ ቦርሳዋ ስትሞላ ይጣበቃሉ። ኮዳዬን እየተራመድኩ ማውጣት እችላለሁ፤ መመለሱ ግን የሰው እርዳታ ይፈልጋል። አሁን አንዱን ውሃ ማንገቻው ላይ በላስቲክ አንጠልጥያለሁ። ሦስተኛ፣ የፊቷ የተለጠጠ ኪስ እሾህ ይዞት ተቀደደ። ጣት የምታሳልፍ ቀዳዳ ናት፤ በመርፌና በናይለን ክር ሰፋኋት፣ ከዚያ በላይ አልተቀደደችም። የቀለለ ጨርቅ ሳሳ ያለ ነው፤ ይህን ተቀብሎ መግዛት ነው። ድንጋይ ላይ መጎተትና ወርውሮ ማስቀመጥ ቀርቷል።

የዝናብ መሸፈኛ አብሯት አልመጣም። መግዛትም አላስፈለገኝም። ውስጧን በወፍራም የቆሻሻ ፌስታል ሸፍኜ ዕቃውን እዚያ ውስጥ እከታለሁ። ከላይ ጨርቋ ይርሳል፣ ስሊፒንግ ባጌ ግን ደርቆ ያድራል። መሸፈኛው በጀርባ በኩል የሚገባውን ውሃ አያቆምም፤ ፌስታሉ ያቆማል።

ዚፖቹና ዘለበቶቹ እስካሁን ደህና ናቸው። የቀበቶው ስፖንጅ ትንሽ ተጫነ እንጂ አልሞተም።

ቦርሳዋ የምትመቸው እስከ 13 ኪሎ ድረስ ነው። አንዴ የጓደኛዬ ጉልበት አሞት የሱን ዕቃ ጨምሬበት 16 ኪሎ ገደማ ደረሰች። ያኔ ቀበቶው ይንሸራተታል፣ ትከሻም ያቃጥላል። የቀድሞዋ ከባዷ ቦርሳ ያን ሸክም ምንም ሳይመስላት ትችለው ነበር። ስለዚህ የሁለት ሰው ድንኳን ብቻውን የሚሸከም፣ ወይም ለልጆቹም ጭምር የሚያዝል ሰው ይችን አይግዛ። ወፍራም ቀበቶ ያላት ከባዷ ትሻለዋለች። በነሐሴ ምንጮቹ ሲሳሱ 3 ሊትር ውሃ ተጨማሪ የሚይዝም እንዲሁ ያስብበት፤ 3 ሊትር 3 ኪሎ ነው።

ገና ዕቃ የምትሰበስቡ ከሆነ ቦርሳውን መጨረሻ ግዙ። ድንኳኑ፣ ስሊፒንግ ባጉና ፍራሹ ምን ያህል ቦታና ኪሎ እንደሚወስዱ ሳይታወቅ ሊትር መምረጥ በጨለማ መለካት ነው። ዕቃችሁን በሙሉ ይዛችሁ ሱቅ ሂዱና እዚያው አሽጉት፤ ማንም አይከለክላችሁም። ዋጋቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ዶላር ነው። አዲስ ሞዴል ሲወጣ ያለፈው ዓመት ቀለም ይረክሳል። የኔም ብርቱካናማ የሆነችው ለዚያ ነው።