ጎንደር ሆናችሁ ስለ ክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና ማማከር ለምትፈልጉ

ታላቅ እህቴን እታለምን የሚከታተሏትን ዶክተር በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። እዚሁ ጎንደር በግል ክሊኒክ የሚሠሩ የውስጥ ደዌ ሐኪም ናቸው። ሳላስፈቅድ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ክሊኒኩን እጠቁማችኋለሁ።

ያከበርኳቸው ለሁለት የቤታችን ሰዎች ፍጹም የተለያየ መልስ ሲሰጡ ነው። እታለም ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። 96 ኪሎ ነበረች፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ56። ኪሎው በሜትር በተለካው ቁመት ሁለት ጊዜ ሲካፈል 39 መጣ። ቢኤምአይ የሚባለው ይሄ ነው። 35 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ለቀዶ ጥገና ሊታሰብ ይችላል። ከ30 እስከ 35 ያለውም፣ በተለይ ስኳሩ በመድኃኒት አልስተካከል ካለ፣ ሊታይ ይችላል።

የአጎታችን ልጅ ግን ለሰርጓ ብላ ነው የጠየቀችው። 72 ኪሎ ናት፣ ቢኤምአይዋ 27። "ላንቺ ይሄ አያስፈልግሽም" አሏት። ዝም ብለው አልሸኟትም፤ ታይሮይዷን አስመረመሩ፣ ስለ አመጋገቧ ቁጭ ብለው አወሯት። ቅር ሳትሰኝ ነው የወጣችው።

እታለም የሰማችው ስሊቭ ስለሚባለው ቀዶ ጥገና ብቻ ነበር። ዶክተሩ ወረቀት ላይ ጨጓራ ሥለው አስረዱን። በስሊቭ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ ተቆርጦ ይወጣል። የሚቀረው እንደ ሙዝ የቀጠነ ነው። አብዛኛው የረሃብ ሆርሞን የሚመነጭበት ክፍል አብሮ ስለሚወጣ ረሃብም ይቀንሳል። የተቆረጠው ግን አይመለስም፣ ቃር ያለበትን ሰው ደግሞ ሊያብስበት ይችላል። እታለም ቃር እያነቃት ትራስ ደራርባ ነው የምትተኛው! "ሌሊት እንዴት ነው የምትተኚው?" ብሎ የጠየቃት ሐኪም ከእሳቸው በፊት አልነበረም።

ስለዚህ ለእሷ ባይፓስ የሚባለው ሌላው ቀዶ ጥገና ይሻላል አሉ። ከጨጓራው አናት ትንሽ ከረጢት ተለይታ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገጠማለች። ምግቡ የቀረውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ አልፎ ይሄዳል። ለቃርም ለስኳርም የተሻለ ነው። ግዴታውንም አልደበቁንም። ቢ12፣ አይረን፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ዕድሜ ልክ ይወሰዳሉ። እንደ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ቁስለት ስለሚያመጡ አይነኩም። ጣፋጭ ሲበዛ ላብና የልብ መምታት ያመጣል። ጠላም አረቄም ቶሎ ያሰክራል፤ መጠጥ ያሸነፈው ሰው መጀመሪያ ለእሱ መታከም አለበት። ማርገዝ የምታስብ ሴትም ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር መቆየት አለባት።

ባሉን ሲባል የምትሰሙት፣ ጨጓራ ውስጥ የሚቀመጠው ፊኛ፣ ቀዶ ጥገና አይደለም። በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ይገባል፣ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ይወጣል፣ ኪሎውም ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ቀዶ ጥገናውን የሚሠሩት እሳቸው አይደሉም። ሪፈር ጽፈው አዲስ አበባ ነው የላኩን፤ ከዚያ በፊት በኢንዶስኮፒ አሳይተው ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን የጨጓራ ባክቴሪያዋን አከሙ። አንዲት ሳንቲም የማያገኙበትን ነገር እንዲህ አስበው መሥራታቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው የጾሙ ነገር ነው። እታለም ጾም አትገድፍም። ከባይፓስ በኋላ ደግሞ ሆዷ የሚይዘው ጥቂት ጉርሻ ነው፤ ያቺ ጥቂት ምግብ ፕሮቲን ካልሆነች ጡንቻም ፀጉርም ይሄዳል። ዶክተሩ "ጹሚ" ወይም "አትጹሚ" ብለው አላዘዟትም። የሚያስፈልጋትን በወረቀት ጽፈው ለንስሐ አባቷ እንድታሳይ ሰጧት። የንስሐ አባቷም እስክታገግም ፈቀዱላት። እንቁላልና እርጎ በላች። አሁን ስትጾም ምስሩን፣ ሽምብራውንና ባቄላውን ታስቀድማለች፣ እንጀራው ከኋላ ይከተላል፣ ውኃ ከምግብ ጋር አትጠጣም።

የስኳር መድኃኒቷ ቀንሷል። ደብረ ብርሃን ሥላሴም በእግሯ ወጥታ ትሳለማለች። ስኳሩ ሊመለስ ስለሚችል አሁንም እየጠሯት ደሟን ያያሉ። ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

የምትሄዱ ካላችሁ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጭምር፣ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።