ጡት ለማሠራት ኢስታንቡል ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው «ቀዶ ጥገና፣ ሆቴል፣ ከኤርፖርት መቀበል፣ አስተርጓሚ፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ» የሚለውን ማስታወቂያ ቲክቶክ ወይም ቴሌግራም ላይ አይታችሁ ልባችሁ ለተነሳ ነው። እኔ የምኖረው አሜሪካ ነው። እዚህ የተጠየቅኩት ዋጋ ስለከበደኝ፣ አንዲት አገናኝ፣ የአገራችን ልጅ፣ በአማርኛ እያስረዳችኝ ፓኬጁን ገዛሁ።

ቁስሉ በደንብ ድኗል። ቅርጹም አያስከፋም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ከዓመት በላይ አልፎ እንኳ የግራ ጡቴ ጫፍና ከሥሩ ያለው ቆዳ እንደደነዘዘ ነው። ስነካው ለጣቴ እንጂ ለጡቴ አይታወቀውም። ቀኙ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሸሚዝ ሲታከከው ያቃጥለኛል፤ አንዳንዴ ያለምንም ምክንያት ይነዝረኛል። ልጄን ማቀፍ ስፈልግ በየትኛው ጎን እንደማስጠጋት ማሰብ አለብኝ።

ብርዱ በበረታበት ሰሞን ትከሻዬን አሞኝ የሙቅ ውሃ ላስቲክ ይዤ ጋደም አልኩ። ላስቲኩ ተንሸራቶ ጡቴ ላይ አርፏል። አልሰማኝም። ስነሳ ቆዳዬ ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል። ስለዚህ ከቀዶ ጥገና በኋላ የደነዘዘ ቦታ ያላችሁ፣ ሙቅ ውሃም በረዶም እዚያ ላይ አታድርጉ። ቆዳው «በቃኝ» ብሎ አይነግራችሁም።

ነገሩን ቁጭ ብላ ያስረዳችኝ እዚህ ያየችኝ ሐኪም ናት። ለጡት ጫፍ ስሜት የሚሰጡት ነርቮች ከጎድን አጥንቶች መካከል ተነስተው በደረት ጎንና ፊት በኩል ይመጣሉ። ዋነኛው አራተኛው ነው። ለኢምፕላንቱ፣ ማለትም ጡቱን ለማተለቅ ውስጥ ለሚቀመጠው ከረጢት፣ ቦታ ሲከፈት ይህ ነርቭ ሊለጠጥ፣ ሊጫን ወይም ሊቆረጥ ይችላል። የተለጠጠና የተጫነ ነርቭ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ቀስ እያለ ያገግማል። ሲያገግም መንዘርና መውጋት ያለ ነው። የተቆረጠ ግን ላይመለስ ይችላል። ኢምፕላንቱ በተለቀ ቁጥር ደግሞ ነርቩም አብሮ ስለሚወጠር ስጋቱ ይጨምራል።

የሚያንገበግበኝ ይህ የመጨረሻው ነው። የሚሠራኝን ሐኪም ያየሁት በቀዶ ጥገናው ዕለት ጠዋት፣ ደረቴ ላይ በብዕር መስመር ሲያሰምርብኝ ነው። አስተርጓሚዋ «በዚሁ ዋጋ ተለቅ ያለውን እናድርግልሽ፣ ሁሉም በኋላ ትንሽ ሆነብኝ ይላሉ» አለችኝ። እንደ ምርቃት ነው የቀረበልኝ። መጠን ሲጨምር ስሜት የማጣት ስጋት አብሮ እንደሚጨምር አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። የስምምነት ወረቀቱ የመጣው ክንዴ ላይ መርፌ ከተሰካ በኋላ ነው፤ በቱርክኛና በእንግሊዝኛ፣ ብዙ ገጽ። ስለ ስሜት መለወጥ የሚያወራው አንድ መስመር ነበር። «እዚህ ጋ ፈርሚ» ከመባል በስተቀር ማንም አላነበበልኝም።

በኋላ ስጠይቅ አስተባባሪዋ በዋትሳፕ «ኖርማል ነው፣ ይመለሳል» አለችኝ። ከወራት በኋላ ደግሜ ስጽፍ መልእክቴ እየተነበበ መልስ የለም። «ዋስትና» ያሉትን ወረቀት አውጥቼ ሳየው የሚሸፍነው ቅርጽን ብቻ ነው፤ የስሜት ለውጥ እንደ ጉድለት አይቆጠርም ይላል። አገናኟ ደግሞ «እኔ ያገናኘሁ ብቻ ነኝ» ብላ እጇን ታጠበች። ኮሚሽኗን ግን ወስዳለች።

ሐቁን ለመናገር፣ መደንዘዝ በጎበዝ ሐኪምም እጅ ያጋጥማል፤ አሜሪካም ብትሠሩት ሊደርስባችሁ ይችላል። ኢስታንቡል ውስጥም ጠንቃቃ ሐኪሞች አሉ። ክፉው ነገር ይህን ሳይነግሩ መሸጣቸው፣ ከሸጡም በኋላ መጥፋታቸው ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤፍዲኤ የሚባለው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2021 ደንቡን አጥብቋል። ኢምፕላንት የሚሸጠው አደጋዎቹ የተዘረዘሩበትን የማረጋገጫ ቅጽ ለታካሚዋ ሰጥቶ ለሚያስፈርም ሐኪምና ተቋም ብቻ ነው። ማስጠንቀቂያውም ኢምፕላንት ዕድሜ ልክ የሚቆይ ዕቃ እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። በሲሊኮን የተሞላው ኢምፕላንት ሳይታወቅ ሊቀደድ ስለሚችል፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ መታየት፣ ከዚያም በየ2 ወይም 3 ዓመቱ መድገም ይመከራል። ይህ ሁሉ ወጪ የእናንተ ነው። የፓኬጁ ዋጋ ላይ ስትደምሩት ርካሽነቱ ይጠፋል።

ገና ለመውለድና ለማጥባት የምታስቡ በተለይ ስሙኝ። ሕፃኑ ሲጠባ ወተቱ እንዲወርድ የሚያደርገው መልእክት ወደ አንጎል የሚሄደው በጡት ጫፍ ነርቮች ነው። በጡት ጫፉ ዙሪያ ያለውን ጠቆር ያለ ቆዳ ተከትሎ የሚቆረጥ ቁርጥ ለማጥባት ይበልጥ ያሰጋል። ከጡት ሥር የሚቆረጥም አለ፣ በብብት በኩል የሚገባም አለ፤ በብብት ሲሆን የክንድ ውስጠኛ ክፍልም ሊደነዝዝ ይችላል። እኔን ማንም አላማከረኝም። እናንተ ግን በየት በኩል እንደሚቆረጥ፣ ለምን ያ እንደተመረጠ፣ የኢምፕላንቱ መጠን ስንት ሲሲ (ሚሊ ሊትር) እንደሆነ ከራሱ ከሐኪሙ አፍ ስሙ፤ በቪዲዮም ቢሆን። የስምምነት ወረቀቱን ከመሳፈራችሁ በፊት ይላኩላችሁ፤ የታመነ ሰው ያንብብላችሁ። «ስሜቴ ባይመለስ ማን ያየኛል? ወጪውን ማን ይችላል?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ለዚህ መልስ የሌለው ሰው ቀብድ አይገባውም። የኢምፕላንቱን ስምና መለያ ቁጥር የያዘውን ካርድ ሳትቀበሉም አትውጡ። በ2010 ፈረንሳይ ውስጥ ፒአይፒ የተባለው ኩባንያ ለኢንዱስትሪ የሚውል ሲሊኮን እየሞላ ሲሸጥ ተደርሶበት ነበር። ያን ጊዜ ደረቷ ውስጥ ያለው የማን እንደሆነ ያላወቀች ሴት ምን ያህል እንደተሰቃየች አስቡት።

ሌላም ነገር አለ። እኛ ይህን ነገር ከእናታችን እንኳ ደብቀን ነው የምናሠራው። ስንጎዳም ለማን እንናገር? አገናኞቹ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። የአስተያየት ቦታቸው ላይ ሙገሳ ብቻ የሚታየው ሁሉም ደስ ስላላቸው አይደለም። እኔ የጻፍኩት አስተያየት በዚያው ቀን ተሰርዟል፤ ከግሩፑም አስወጥተውኛል።

በቅርቡ ተሠርታችሁ የደነዘዛችሁ አትደንግጡ፤ የብዙዎቹ ይመለሳል። ግን ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። ባላችሁበት አገር ሐኪም ይያችሁ፤ የትኛው ቦታ እንደማይሰማችሁ ከነቀኑ ይመዝገብ። ጡቱ ድንገት ካበጠ፣ ከጋለ ወይም ከቀላ ዋትሳፕ ላይ መልስ ሳትጠብቁ ሆስፒታል ሂዱ። የተጻጻፋችሁትን አትሰርዙ፣ ስክሪንሾት አንስታችሁ አስቀምጡት። ቀብዱን በክሬዲት ካርድ የከፈላችሁና ሐሳባችሁን የቀየራችሁ ካላችሁ፣ የመቃወሚያው ቀን ሳያልፍ ባንካችሁ ጋ ደውላችሁ ክፍያውን መቃወም ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።