ነፃ የኬብል ቁልፍ ወይስ በታክስ ክሬዲት የሚገዛ ካዝና?

ቨርጂኒያ ውስጥ ልጆች እያሳደጋችሁ ቤት ውስጥ ሽጉጥ ካላችሁ ይህ ምርጫ ይመለከታችኋል።

ዋጋ፦ ኬብሉ፣ ማለትም በሽጉጡ ውስጥ አልፎ የሚቆለፈው የሽቦ ገመድ፣ ብዙ ጊዜ በነፃ ይገኛል። ፕሮጀክት ቻይልድሴፍ የተባለው ፕሮግራም በፖሊስ መምሪያዎች በኩል ያድለዋል። ለካዝናው ደግሞ ግዛቱ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ 300 ዶላር ታክስ ክሬዲት፣ ማለትም ከምትከፍሉት ታክስ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ፣ ይሰጣል። ጥሩ ገንዘብ ነው፤ ግን መጀመሪያ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ፣ ደረሰኙን መያዝ አለባችሁ፣ ክሬዲቱም የሚታሰበው በዓመቱ ታክስ ስትሠሩ ነው። እጅ ላጠረው ቤተሰብ ይህ ከባድ ነው፣ እኔ ቢሆን ድጋፉ እዚያው ሲገዛ ቢቀነስ እመርጥ ነበር።

አጠቃቀም፦ ኬብሉን ለማስገባት ጥይቱን ማውጣት ግድ ነው። ካዝናው በኮድ ወይም በጣት አሻራ ቶሎ ይከፈታል፣ ባትሪውን ግን አትርሱት።

ስጋት፦ ኬብል በጠንካራ መቁረጫ ይቆረጣል፣ ሌባም ሽጉጡን ከነቁልፉ ይዞት ይሄዳል። ትንሽ ካዝናም ከግድግዳ ወይም ከወለል ጋር በብሎን ካልታሰረ ያው ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ የመክፈቻው ነገር ነው። መሳቢያ ውስጥ ደበቅኩት ትላላችሁ፣ ልጆች ደግሞ የቤቱን መሳቢያ ሁሉ ያውቁታል።

ገንዘብ ከሌላችሁና ሽጉጡን ብዙም የማትነኩት ከሆነ ኬብሉን ዛሬውኑ ውሰዱ። በርከት ያለ መሣሪያ ወይም ነገር የሚጎረጉር ልጅ ካለ ካዝናው ይሻላል። እስኪገዛ ድረስ ግን ኬብሉ ይግባ።