ዳሎልና ሆላንድ፦ ከባሕር ወለል በታች ያሉ ሁለት ምድሮች

በጣርማበር አፋፍ ጋቢ ተከናንቦ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ለሚመለከት የሰሜን ሸዋ ሰው፣ ጉሙ ሲገለጥ የሚታየው የአፋር ቆላ ወደ ሰሜን እየዘቀጠ ሄዶ በዳሎል አካባቢ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ይህን ዝቅታ የፈጠረው የምድር ቅርፊት መሰንጠቅና መራራቅ ነው፤ ቀድሞ ገብቶ የነበረው የቀይ ባሕር ውኃ ተንኖ ሲያልቅ የቀረውን የጨው ንጣፍ ሰዎች ዛሬም በመጥረቢያ እየጠረቡ በግመል ያጓጉዙታል፤ ለአያቶቻችን እንደ ገንዘብ ያገለገለው አሞሌም የዚያ በረሃ ፍሬ ነው።

የሆላንድ ዝቅታ ግን ሰው ውኃ እያጠነፈፈ ያወጣው መሬት በመሆኑ፣ ጥልቁ ቦታ እንኳ 7 ሜትር አይሞላም። ሆኖም በእኔ እምነት ይበልጥ የሚያሰጋው እርሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ማዕበል ግድቦቹን ሲደረምስ 1,836 ሰዎች አልቀዋል። ዳሎልን ከቀይ ባሕር የሚለዩት ተራሮች ግን የተፈጥሮ ግድብ ሆነውለታል።