ወረርሽኝ መርማሪን ማሠልጠን፦ ሦስት ወር ወይስ ሁለት ዓመት?

የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታን ስርጭትና ምንጭ በቦታው ተገኝቶ የመመርመር ሙያ) ሥልጠና በብዙ አገሮች በደረጃ የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ሦስት ወር ገደማ፣ ከፍተኛው ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ የሁለት ዓመቱ በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

የሦስት ወሩ ሠልጣኝ ከሥራ ገበታው ለረጅም ጊዜ አይርቅም። ለጥቂት ሳምንታት ክፍል ይማርና ወረዳው ተመልሶ የራሱን መረጃ ይፈትሻል። ማጅራት ገትርን እንውሰድ። ከ30,000 እስከ 100,000 ሕዝብ ባለበት አካባቢ፣ በሳምንት ከ100,000 ሰው 3 ሲታመም ማስጠንቀቂያ፣ 10 ሲደርስ ወረርሽኝ ነው። 80,000 ሕዝብ ባለበት ወረዳ 8 ሕሙማን ከተገኙ ስሌቱ ልክ 10 ይመጣል። ተፈናቃይ ገብቶ ሕዝቡ ላይ ካልተደመረ ግን የሌለ ወረርሽኝ ይታወጃል። ሪፖርት ያልላከ ጤና ጣቢያ «ዜሮ» ተብሎ ሲሞላ ደግሞ ያለው ይደበቃል፤ ይኼኛው ይብሳል። እነዚህን ለማረም ሁለት ዓመት አያስፈልግም።

የሁለት ዓመቱ ሌላ ጥያቄ ይመልሳል፦ ኮሌራው ከየትኛው ውኃ መጣ? ሦስት አራተኛ ያህሉ ጊዜ መስክ ላይ ያልፋል። ሠልጣኙ ሕሙማንን ካልታመሙ ሰዎች ጋር አነጻጽሮ ምንጩን ይለያል። ወጥመዱ ያልታመሙትን መምረጡ ላይ ነው፤ ሁሉም ከዚያው ጉድጓድ የሚቀዱ ጎረቤቶች ከሆኑ ልዩነቱ ይጠፋና የተበከለው ጉድጓድ ንጹሕ መስሎ ይቀራል። ልምድ ያለው አማካሪ አጠገቡ ከሌለ ይህ ሳይታይ ያልፋል።

በጀቱ ለጠበበ ክልል የሦስት ወሩ በየወረዳው ይቅደም። የሁለት ዓመቱን ምሩቅ ሳምንታዊ ሪፖርት ሲደምር እንዲውል ማድረግ ብክነት ነው፤ ክልል ላይ ተቀምጦ ወረዳዎቹን ያማክር።