ትልቁ የስቱዲዮ ፎቶ ወይስ ፖስትካርዷ? ድምፅ አልባ ፊልም ለምትሰበስቡ

ደሴ ውስጥ የድሮ ፊልም ፎቶ መሰብሰብ የጀመሩ ጓደኞቼ ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ትልቁን ልግዛ ትንሿን?» እስቲ አንዴ ልጻፈውና እንገላገል። ትንሿን ግዙ። ፖስትካርዷን።

ትልቁ የምንለው የፊልም ኩባንያዎች ለጋዜጣና ለሲኒማ ቤት ይበትኑት የነበረው 20 በ25 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ፎቶ ነው። ትንሿ በ1920ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለአድናቂዎች ትሸጥ የነበረችው 9 በ14 ካርድ ናት። እኔ የምወዳቸው ሮስ ፈርላግ የሚባለው አሳታሚ በርሊን ያተማቸውን ካርዶች ነው። ጀርመን ይታተሙ እንጂ የሆሊውድ ተዋንያንም አሉባቸው፤ ሜሪ ፒክፎርድም፣ ባስተር ኪተንም፣ ቫለንቲኖም። ምስሉ ባለበት ገጽ ላይ የአሳታሚው ስምና የካርዱ ቁጥር አለ፤ በቁጥሩ የያዛችሁትንና የጎደላችሁን መዝግባችሁ መከታተል ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ዋጋው። እኔ ኢንተርኔት ላይ ሳይ ብዙም ስም የሌለው ተዋናይ ካርድ ከ5 እስከ 12 ዶላር ይገኛል። ቻፕሊንና ቫለንቲኖ ይወደዳሉ። ትልቁ ፎቶ፣ እውነተኛ ከሆነ፣ ከ30 ዶላር በታች ሲሸጥ ብዙም አላየሁም፤ ያውም መላኪያው ሳይታሰብ። መላኪያው ነው ሰው የሚረሳው! ትልቁ ወፍራም ካርቶን ይፈልጋል፣ ያለዚያ መንገድ ላይ ይታጠፋል፣ የታጠፈ ፎቶ ደግሞ ጄላቲኑ (ምስሉን የያዘው ስስ ሽፋን) ይሰነጠቅና መልሶ የሚያስተካክለው ሰው እዚህ አታገኙም። አምስት ካርድ ግን በአንድ ፖስታ ይገባል፣ መላኪያው ለአምስት ይካፈላል። ከጅዳ የምትመጣ እህትም መጽሐፍ ውስጥ አድርጋ ታመጣዋለች፣ ኪሎ አይበላባትም።

ከዋጋው የሚብሰው ኮፒው ነው። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ወዳጄ ፊርማ ያለበት የቻፕሊን ፎቶ «የ1925 ኦሪጅናል ነው» ተብሎ 60 ዶላር ከፍሎበታል። ይዞልኝ መጣና ፒያሳ አንድ ሱቅ ገብተን የብር ኖት መፈተሻው መብራት ስር አደረግነው። ቦግ አለ፣ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ። የፎቶ ወረቀት ላይ እንዲያ የሚያበራ ወረቀት ማንጫ ኬሚካል መግባት የጀመረው ከ1950ዎቹ ወዲህ ስለሆነ የ1925 ወረቀት እንደዚያ አያበራም። በአጉሊ መነጽር ስናየው ፊርማውም ፊቱም ጥቃቅን ነጠብጣብ ነው፣ ማለትም የማተሚያ ቤት ሥራ። ሻጩ ከዚያ በኋላ መልስ አልሰጠውም። 60 ዶላር በዛሬ ምንዛሪ ስንት ብር እንደሆነ እናንተው አስሉት፤ እኔ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ሁለቱን ፈተናዎች ሳታደርጉ ገንዘብ አትልቀቁ። ሻጩ ራሱ እንዲያ ያለ መብራት ስር አድርጎ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ፣ እምቢ ካለ ተዉት። ግን ልብ በሉ፣ አለማብራቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ የማያበራ አዲስ ወረቀትም አለ። ጥሩ ምልክት የምለው ፎቶውን ወደ ብርሃን ዘንበል ስታደርጉት ጥቁሩ ቦታ ላይ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ወዝ ነው። ወረቀቱ ውስጥ ያለው የብር ማዕድን በዕድሜ ወደ ላይ ሲወጣ የሚመጣ ነው። አንዳንድ ሻጭ እንደ ጉዳት ቆጥሮ ዋጋ ይቀንስበታል። ያኔ አፈፍ አድርጉት።

ካርዷን የሚኮርጅ ብዙም አላጋጠመኝም። በ8 ዶላር ዕቃ ማን ይደክማል? ኮራጁ የሚሮጠው ወደ ትልቁና ወደ ፊርማው ነው። ፊርማን በተመለከተ፣ በዚያ ዘመን ለአድናቂ የሚላከው ፎቶ በገፍ ስለነበር ብዙው ፊርማ የታተመ ወይም ጸሐፊ የፈረመው ነው። ለፊርማ ብላችሁ አንድ ብር አትጨምሩ።

ሌላው የደሴ ጉም ነው። ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው እርጥበት ቤት ውስጥ ይገባል፣ ፎቶ ደግሞ እርጥበት ጠላቱ ነው። ትልቁን ግድግዳ ላይ ልስቀለው ብላችሁ መስታወቱ ላይ በቀጥታ ካስነካችሁት ጄላቲኑ ይጣበቃል፣ ስትነቅሉት ምስሉ አብሮ ይላጣል። ፍሬም ሠሪው በመሃል የካርቶን ክፈፍ እንዲያስገባ አዘዙት። ሠሪው በሙጫ ልለጥፈው ወይ ላሚኔት ላድርገው ካላችሁ ፎቶውን ተቀብላችሁ ውጡ። የተቀደደም ካለ ስኮች አታስነኩት፣ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ካርዷ ግን በወረቀት ፖስታ ተጠቅልላ ከወለል ከፍ ያለ መሳቢያ ውስጥ ከገባች ይበቃታል። ያንን የሚጣበቅ ገጽ ያለውን የሠርግ አልበም ብቻ እንዳትጠቀሙ።

ትልቁን የምመክረው አንድ ተዋናይ ብቻ ለሚወድና ለአንዱ ፎቶ ረጅም ጊዜ ለሚያጠራቅም ሰው ነው። እሱም ቢሆን ከመክፈሉ በፊት የጀርባውን ፎቶ ይጠይቅ። የስቱዲዮ ማህተም፣ የጋዜጣ ቤት ቀን፣ የተለጠፈ የማስታወቂያ ወረቀት፣ ሁሉም ያሉት ጀርባው ላይ ነው። ጀርባው ነጭና ንጹሕ ሆኖ 50 ዶላር ከተባለ፣ በዚያ ገንዘብ አምስት ካርድ ከነመላኪያው ይመጣል።